የእናት ወርቅ በልጆች ጆሮ



ከሟች ወላጅ ከሚተርፈው ንብረት ሁሉ አከፋፈሉ እጅግ የሚያስቸግረው ትልቁ ሳይሆን ትንሹ ነው። ቤት ቢሆን ይሸጣል፤ ወይም አንዱ ለሌሎቹ ከፍሎ ያስቀረዋል። ገንዘብም ቢሆን ተቆጥሮ ይካፈሉታል። እናት በበዓል ቀን ከአንገቷ ታደርገው የነበረ አንድ ሐብል ግን ምን ይደረጋል? ልጆቹ አራት፣ ሐብሉ አንድ ነው። በብዙ ቤተሰብ ዘንድ መልሱ «ለጊዜው ይቀመጥ» የሚል ይሆናል። ተቀምጦም ውሎ አድሮ የኩርፊያ ምክንያት ይሆናል። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ፣ የውርስ ወርቅን አቅልጦ ጉትቻ ስለማሠራት ነው።

እናታችን በ1995 ዓ.ም. ስታርፍ የተወችልን ጌጥ አንድ ባለ መስቀል የወርቅ ሐብል ነበር። እኛ ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ ነን። ሐብሉን ታላቅ እህታችን በአደራ ተቀብላ በሣጥኗ ቆለፈችበት፤ እሷ ራሷ እንኳ አንድም ቀን አላደረገችውም። ዳሩ ግን ሠርግ በመጣ ቁጥር «ዛሬ የማን ተራ ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ጀመር። በአንድ የዘመድ ሠርግ ሳቢያ ሁለቱ እህቶቼ ተኳርፈው ከዳግም ትንሣኤ እስከ ፍልሰታ ጾም ሳይነጋገሩ ቆዩ። እናታችን በሕይወት ሳለች ኩርፊያ ይዘን እንድናድር አትፈቅድም ነበር። ሐብሏ ግን የልጆቿን የእሑድ ቡና አስቀረ።

ወንድማችን ይህን አይቶ «ሐብሉ ቀልጦ ለአራት ይከፈል» ሲል ሐሳብ አቀረበ። ታላቅ እህታችን ይህን ስትሰማ አለቀሰች። «እናታችንን እሳት ውስጥ ልትጨምሯት ነው?» ነበር ያለችው። ይህ ቃል እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ለእሷ ሐብሉ የእናቷ አንገት ነበር። እኔም «እትዬ፣ አንቺ ካልፈቀድሽ ማንም አይነካውም» አልኋት። ነገሩም አንድ ዓመት ያህል ተንጠልጥሎ ቆየ።

በመጨረሻ ያስታረቀን የአክስታችን ንግግር ነው። «ልጆቼ፣ ይህ ሐብል ከሰማይ የወረደ መሰላችሁ? እናታችሁ ስታገባ ከእናታችን ቀለበትና ጉትቻ ያሠራችው አይደለም እንዴ!» አሉን። ይህን ከእኛ መካከል የሚያውቅ አልነበረም። የአያታችን ጉትቻ የእናታችን ሐብል ሆኖ ኖሯል። ታላቅ እህታችን ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያው መስቀሉ እንዳለ ይቅር፤ ሰንሰለቱ ይቅለጥ» አለች። መስቀሉም በአንድ ቃል ለእሷ ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ መብት አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። በየቤቱ «ወርቅ የሴት ነው» የሚል ልማድ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሟች ሳይናዘዝ ሲቀር ልጆች ወንድ ሴት ሳይባል እኩል እንደሚወርሱ ይደነግጋል። ስለዚህ ሴቶች ልጆች ለብቻቸው መክረው የእናታቸውን ወርቅ ቢከፋፈሉት የወንድማቸውን ድርሻ ወስደዋል ማለት ነው። ይተውላቸው እንደሆነም በራሱ አንደበት ሊናገር ይገባል። የእኛ ወንድም ድርሻው ለሴት ልጁ ጉትቻ እንዲሆንላት ጠየቀ፤ ትክክልም ነበር።

ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ጌጥ አልማዝ የሚሆንበት ጊዜም አለ። የአልማዝ ጠባይ ከወርቅ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1905 በደቡብ አፍሪካ የተገኘው ኩሊናን የተባለው አልማዝ 3,106 ካራት፣ ማለትም 621 ግራም ያህል ይመዝን ነበር። በ1908 አምስተርዳም ውስጥ ተሰንጥቆ ዘጠኝ ታላላቅና በርካታ ትናንሽ ፈርጦች ሲወጡት ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ጠፍቷል። ስለዚህ ባለ አልማዝ ቀለበት የወረሰች እህት ፈርጡን ከቀለበቱ አውጥታ በሌላ ጌጥ ላይ ልታስቀምጠው ትችላለች እንጂ አንዱን ፈርጥ ለሁለት ጉትቻ ላስከፍለው ብትል ትከስራለች። ወርቅ ግን ቀልጦ ቢከፈልም ያው ወርቅ ነው።

ካራት የሚለው ቃልም እንዳያሳስታችሁ። በአልማዝ ዘንድ ክብደት ሲሆን አንዱ ካራት 0.2 ግራም ነው። በወርቅ ዘንድ ግን የጥራት መለኪያ ነው። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ይባላል። ባለ 21 ካራት ከመቶው 87.5፣ ባለ 18 ካራት ደግሞ ከመቶው 75 እጁ ወርቅ ነው፤ የቀረው መዳብ፣ ብር ወይም ሌላ ብረት ነው።

በ1998 ዓ.ም. አራታችንም አብረን ፒያሳ ወደሚገኝ አንድ ወርቅ ቤት ሄድን። ሠሪው ሽማግሌ ሰው ነበሩ። ሰንሰለቱን በጥቁር ድንጋይ ላይ ፈተግ አድርገው አሲድ ጠብ አደረጉበትና 18 ካራት መሆኑን ነገሩን። ሚዛኑ ላይ 27 ግራም ወጣ፤ አንድ ወቄት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። «ልጆቼ፣ አሮጌ ሰንሰለት ብየዳ ይበዛበታል፤ ሲቀልጥ ጥራቱ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል» ሲሉም አስቀድመው አስጠነቀቁን። ወርቅ የሚቀልጠው 1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲሆን የተደባለቀው ከዚህ ዝቅ ባለ ሙቀት ይቀልጣል። ሠሪው ቦራክስ ነስንሰው እሳቱን ሲለቁበት የእናታችን ሰንሰለት ተሰብስቦ አንዲት የምታበራ ጠብታ ሆነ። ታላቅ እህታችን ፊቷን አላዞረችም፤ እጄን ይዛ አየችው። አራቱ ጥንድ ጉትቻ እያንዳንዱ 6.5 ግራም ሆኖ ወጣ። ከተረፈው ቁራጭ ጋር ሲመዘን 26.6 ግራም መጣ። ቁራጩንም ከእጅ ዋጋው ላይ አሳሰብነው።

ከዚህ በመነሣት ለምታስቡበት እህቶች የምመክረው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ ከወራሾቹ አንዱ እንኳ ልቡ ካልፈቀደ አታቅልጡ። የቀለጠ ጌጥ ወደ ቀድሞ መልኩ አይመለስም።

ሁለተኛ፣ ሳይቀልጥ በፊት ፎቶግራፍ አንሡትና በጀርባው የማን እንደ ነበረ፣ ክብደቱንና ካራቱን ጻፉበት።

ሦስተኛ፣ በሚቀልጥበት ሰዓት አጠገቡ ቁሙ። ከመቅለጡ በፊትና ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በፊታችሁ ይመዘን፤ የተረፈውን ቁራጭም ጠይቁ። የእጅ ዋጋውን ሥራው ሳይጀመር ተስማሙበት።

አራተኛ፣ ጉትቻው ቀላል ይሁን፤ ከባድ ጉትቻ የጆሮን ቀዳዳ እያሰፋ ይቀዳል። ሕፃን የምታዝል እናት ደግሞ የተንጠለጠለ ሳይሆን ከጆሮ የሚለጠፍ፣ ከኋላው በብሎን የሚጠብቅ ብታሠራ ይሻላታል።

አምስተኛ፣ ሁሉ ነገር አይቀለጥም። ከአያት የተረፈ የብር ድሪ ወይም በጥንት እጅ የተሠራ የአንገት መስቀል ካላችሁ ተዉት። ከእነዚህ ብዙዎቹ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት ከተቀረጸበት ከማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ቀልጠው የተሠሩ ናቸው። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ሲመዝን ከመቶው 83 እጁ ብር ነው። የብረቱ ዋጋ ትንሽ ነው፤ የእጅ ሥራውን ግን ዛሬ ደግሞ የሚሠራው ሰው በቀላሉ አይገኝም።

ከሁሉም በላይ እናት በሕይወት ሳለች ትጠየቅ። «እማዬ፣ ይህን ከማን አገኘሽው? ለማንስ እንዲሆን ትፈልጊያለሽ?» ማለት ሞትን መመኘት አይደለም። ብዙ ሴቶች ይህን ጥያቄ ያፍሩታል፤ በኋላም በዕንባና በኩርፊያ መልሱን ይፈልጉታል። እኛ የአያታችንን ጉትቻ ታሪክ የሰማነው አክስታችን በሕይወት ስለ ነበሩ ነው። እሳቸው ባይኖሩ ኖሮ ሐብሉ እስከ ዛሬ በሣጥን ተቆልፎ፣ እኛም ተኳርፈን በቀረን ነበር። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ እናቶች ሳትጠየቁ ለልጆቻችሁ ንገሩ፤ ልጆችም ለቡና ስትሰበሰቡ ጠይቁ።