ኢንሱሊን ለምን አይዋጥም?

«ቲቸር፣ ኢንሱሊን ለምንድን ነው እንደ ሌላው መድኃኒት የማይዋጠው?» አለችኝ አንዲት ተማሪዬ። ለፈተና ብላ አልነበረም፤ ታናሽ ወንድሟ በየቀኑ ይወጋል። ቤታቸው ቆላው ላይ ነው፣ መብራት የለም፤ ፍሪጅማ ከየት ይመጣል! ቤቱ ኢንሱሊን ያለበት ሰው እዚህም ስለማይጠፋ ዘርዘር ላድርገው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው። 51 አሚኖ አሲዶች በሁለት ሰንሰለት ተያይዘው፣ ልክ ልካቸውን ይዘው ተጣጥፈዋል። የሚሠራው እጥፋቱ እስካለ ድረስ ነው። ብንውጠው ጨጓራና አንጀት እንደበላነው ሽሮ ይፈጩታል። ሙቀት ደግሞ እጥፋቱን ይፈታዋል፤ የተቀቀለ እንቁላል ጥሬ ሆኖ አይመለስም አይደል? በረዶ መሆንም፣ ብዙ መናጥም ያበላሸዋል። በ1921 (እንደ ፈረንጆቹ) ቶሮንቶ ላይ ከተገኘ 100 ዓመት አልፎታል፣ ዛሬም በአብዛኛው መርፌ ነው።

ተመራማሪዎች ታዲያ ፕሮቲንን ልብስ ለማልበስ ይሞክራሉ። ከልብሶቹ አንዱ ማይሴል ነው። ሳሙና ቅባት የሚያስለቅቀው በእሱ ነው፦ ውሃ የሚወደው ጫፍ ወደ ውጭ፣ ውሃ የሚሸሸው ወደ ውስጥ ዞሮ ቅባቱን ይከባል። የሳሙናው ግን ውሃ ሲበዛበት ይበተናል። በረጃጅም ፖሊመሮች ከተሠራ በቀላሉ አይፈርስም።

እናቶቻችን ማይሴልን ከጥንት ያውቁታል፣ ስሙን ባይጠሩትም። ወተት ውስጥ ኬሲን የሚባለው ፕሮቲን ከካልሲየምና ከፎስፌት ጋር ጥቃቅን ኳስ ሆኖ ይንሳፈፋል። ሲረጋ አሲዱ ኳሶቹን ያያይዛቸዋል፤ አሬራው ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። እዚያ ግን ኳሱ ራሱ ፕሮቲኑ ነው። ኢንሱሊንን በሌላ ነገር መጠቅለል ሌላ ጣጣ አለው።

ፕሮቲን ድንጋይ አይደለም፤ ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ከፈት ዘጋ ይላል። ጠባብ ቦታ ሲገባ ለመፈታታት ስፍራ ያጣል፣ ከጓደኞቹም ጋር ተጣብቆ አይጓጉልም። ይሄ ደግ ነው። ነገር ግን ውሃ የሚሸሸው የማይሴሉ ሆድ፣ የፕሮቲኑንም ውሃ የሚሸሽ የውስጥ ክፍል ስቦ ሊገለብጠው ይችላል። አጥብቆ ከያዘው ደግሞ ደም ውስጥ ሲፈለግ አይለቀውም። እኔ በበኩሌ ከባዱ ሥራ ማስገባቱ ሳይሆን በጤናው ማስወጣቱ ይመስለኛል።

እስከዚያው ማሰሮ አለ። ትልቁ ውስጥ ትንሹን አስገቡ፣ መሀሉን አሸዋ ሙሉበት፣ አሸዋውን ውሃ አጠጡት፣ እርጥብ ጨርቅ ክደኑት፤ ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ስር ይቀመጥ። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ጠርሙሱን ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልሉት። ላልተከፈተ ጠርሙስ የሚመከረውን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ አያደርስም፤ ከቤቱ ሙቀት ግን በደንብ ይሻላል፣ በተለይ በበጋ። (ነፋስ መውጫ ያላችሁ አትሳቁ፣ የእናንተ ቤት ራሱ ፍሪጅ ነው።)

ጥሩው ኢንሱሊን ጥርት ያለ ከሆነና ከደፈረሰ አትውጉት። ደፍራሹ ዓይነት ደግሞ በመዳፍ ቀስ ብሎ ሲንከባለል እኩል መደባለቅ አለበት፤ ጓል ከቀረበት ይጣል። ስኳሩ አልወርድ ካለም በራሳችሁ መጠን ከመጨመራችሁ በፊት ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩት፣ ይዛችሁትም ጤና ጣቢያ ሂዱ።