ጥፋትን ስለ ማመን

ወጣት ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ የሰው ጥፋት ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ አንድ ጊዜ ሲሠራ፥ ሁለተኛ ጊዜ ሲደበቅ። ይህንን ለተማሪዎቼ ለብዙ ዘመን ሳስተምር ኖሬ፥ እኔ ራሴ የተማርሁት ግን በጡረታ ዘመኔ፥ በሰበታ ቤቴ፥ መዳፍ ከምታህል አንዲት ሀርድ ዲስክ ነው።

በዚህች ዲስክ ውስጥ በሞት የተለየችኝ ባለቤቴ ስትዘምር የቀዳሁት ሦስት መዝሙር፥ የልጆቻችን የሠርግ ፎቶግራፍና የተማሪዎቼ ማስታወሻ ነበረ። ሌላ ቅጂ አልነበረኝም። አንድ ማታ ጋቢዬን ሰብስቤ ስነሣ ገመዷን ጠለፍሁና፥ መብራቷ ብልጭ ድርግም እያለ ከጠረጴዛው ወደቀች። አንሥቼ አስቀመጥኋት፤ ለማንም አልተናገርሁም። በሦስተኛው ቀን የልጅ ልጄ ፎቶግራፍ ሊያይ ከላፕቶፑ ጋር ቢያገናኛት አልከፍት አለች። እኔም «አንተ ነህ ያበላሸሃት!» ብዬ ጮኽሁበት። «አባባ፥ እኔ ምንም አላደረግሁም» ብሎ አለቀሰ።

ቡራዩ ኮምፒዩተር የሚጠግን የቀድሞ ተማሪዬን አስጠራሁ። መጥቶ ዲስኳን ካገናኘ በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። «ጋሼ፥ ቀጭ ቀጭ ብትል ኖሮ ወዲያው ነቅለን፥ ቤት ውስጥ አንነካትም ነበር» አለኝ። ኮምፒዩተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቅም እሺ እንዳልል ከለከለኝ። አሠራሯንም አስረዳኝ፤ በውስጧ ያለው ዝርግ ሳሕን ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይሽከረከራል፤ ማንበቢያው ራስ ከሳሕኑ በላይ፥ ከፀጉር ውፍረት በብዙ ሺህ እጅ ባነሰ ክፍተት ይንሳፈፋል፤ እየዞረች ሳለ ብትወድቅ ራሱ ሳሕኑን ነክቶ ያቆስለዋል። ከዚያም «ጋሼ፥ ወድቃ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

ልጁ ወደ መሬት አቀረቀረ። እኔ ዝም አልሁ። ዝምታዬ ከጩኸቴ የከፋ ውሸት ነበር።

ተማሪዬ ዲዲሬስኪው በሚባል በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም የዲስኳን ሙሉ ግልባጭ ወደ አዲስ ዲስክ መቅዳት ጀመረ። ይህ ፕሮግራም አስቀድሞ ጤነኛውን ክፍል ያነባል፤ የቆሰለውን ለኋላ ያቆየዋል፤ የደረሰበትንም ስለሚመዘግብ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ሌሊት መብራት ጠፋና ሥራው ቆመ። ሻማ አብርቼ ከልጁ አጠገብ ተቀመጥሁ። «ልጄ፥ የጣልኋት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ጥቂት ቆይቶ «ታዲያ አባባ፥ ለምን እኔን ተቆጡኝ?» አለ። ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ በፈተና ላይ አውጥቼ አላውቅም። «አፍሬ ነው» ብዬ መለስሁለት።

በማግስቱ ፎቶሬክ በሚባል ሌላ ፕሮግራም ፋይሎቹን ፈለግን፤ የፈለግነውም ከታመመችው ዲስክ ሳይሆን ከግልባጩ ነው። ይህ ፕሮግራም ፋይልን በይዘቱ ለይቶ ያወጣል፤ ስሙን ግን አይመልስም። ስለዚህ በቁጥር ብቻ የተጠሩትን ፋይሎች ልጁና እኔ አንድ በአንድ እየከፈትን ስም አወጣንላቸው። አያቱን በሙሽርነቷ ያያት ያን ዕለት ነው። ከፎቶግራፉ አብዛኛው ተገኘ፤ አንዳንዱ ግማሹ ግራጫ ሆኖ ቀረ። ከሦስቱ መዝሙር ሁለቱ ደኅና ወጡ፤ ሦስተኛው ከመካከሉ ይቋረጣል። እንዲያም ሆኖ ጠብቄዋለሁ።

አስተዋይ ሰው ግልባጭ የሚያዘጋጀው ዋናው ደኅና ሳለ ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1973 የአብያተ ክርስቲያናትንና የገዳማትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ በአገራችን ተጀምሮ፥ ወደ 9000 የሚደርሱ መጻሕፍት ተቀድተዋል። ግልባጩ በአሜሪካ፥ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር፥ በኮሌጅቪል ይገኛል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እዚያ ሆነው ብዙውን ዘርዝረው ካታሎግ አዘጋጅተዋል። ብራናውን እሳት ወይም ጦርነት ቢያገኘው ቃሉ አብሮ አይጠፋም።

እኔም ዛሬ አንዱን ቅጂ በቤቴ፥ ሁለተኛውን ሱሉልታ ባለችው ልጄ ዘንድ አኑሬአለሁ። ነገር ግን፥ ልጆቼ ሆይ፥ የልጅ ልብ ቅጂ የለውም። ባቆሰላችሁት ጊዜ ቁስሉ ሳይሰፋ ፈጥናችሁ እውነቱን ተናገሩ፤ ዘግይቶ የመጣ እውነት ብዙውን ይመልሳል፥ ሁሉን ግን አይመልስም።