«የጾም አለ?»



እናቴ ስድሳ አምስት ዓመት እስኪሞላት ድረስ በምግብ ቤት ተቀምጣ እህል ቀምሳ አታውቅም ነበር። ተወልዳ ያደገችው፣ ተድራ እኛን ወልዳ ያሳደገችው ጎንደር አዲስ ዓለም ነው። የቅዳሜ ገበያን ዋጋ ከነጋዴው እኩል ታውቃለች፤ የሆቴልን ግን ደጁን እንጂ ውስጡን አታውቅም። «ማን እንዳበሰለው፣ በምን እንዳበሰለው ሳላውቅ እንዴት እጎርሳለሁ?» ትለን ነበር። እኔ ደግሞ ከመጀመሪያው የመምህርነት ደመወዜ ጀምሮ አንድ ምኞት ነበረኝ፤ ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ፣ እናቴን ከፊት አስቀድሜ፣ እንደ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ምሳ መብላት። ምኞቱ ትንሽ ነው። በጎንደር ለሚኖር ሙስሊም ቤተሰብ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚፈጸም አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከሥጋው ነው። በአገራችን ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን፣ ክርስቲያኑም ክርስቲያን ያረደውን እንጂ አንዱ የሌላውን አይበላም። በሱረቱል ማኢዳ አምስተኛ አንቀጽ ስለ መጽሐፉ ባለቤቶች ምግብ የተነገረውን ዑለማዎች በሰፊው አብራርተውታል፤ ይህ የፈትዋ አምድ ስላልሆነ ወደዚያ አልገባም፤ ጥያቄ ያለው ዓሊም ይጠይቅ። እኔ የማወጋችሁ ስለ ልማዱ ነው። ልማዱ በሁለቱም ወገን ጥብቅ ነው። የሥጋ ቤቱ በር ላይ መስቀል ወይም ጨረቃና ኮከብ ተስሎ ታያላችሁ፤ ገና ከመንገዱ ማዶ ሳላችሁ መግባት አለመግባታችሁን ትለያላችሁ። (በነገራችን ላይ «ማኢዳ» የሚለው የዐረብኛ ቃልና «ማዕድ» የሚለው የእኛው ቃል ዘመዳሞች መሆናቸውን የቋንቋ ሊቃውንት ይናገራሉ። መድረሳ ስንቀራ ይህን የነገረን አልነበረም፤ ያወቅሁት ኮሌጅ ገብቼ ነው፤ የዚያን ቀን ደስታዬን አልረሳውም።)

ስለዚህ ሙስሊሙ ከቤቱ ወጥቶ ሲርበው ወይ የሙስሊም ምግብ ቤት ይፈልጋል፣ ወይ ረቡዕንና ዓርብን ይጠብቃል። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው! በእነዚህ ቀናትና በዐቢይ ጾም ክርስቲያኖች ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሚከለከሉ ምግብ ቤቱ ሁሉ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና በየዓይነቱ ያቀርባል። የእኛ ቤተሰብ የጾሙን ቀን ከሰፈሩ ቄስ ባልተናነሰ ያውቀዋል። ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ የነበረችው ልጄ ከሁላችን ቀድማ በር ላይ ትቆምና አስተናጋጁን «የጾም አለ?» ትለዋለች። ሰሚው የካህን ልጅ ትመስለዋለች።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ከገዛ ሰፈሬ ነበር። አዲስ ዓለም ከፋሲል ግቢ ቁልቁል በቀሃ ወንዝ በኩል የሚገኝ ጥንታዊ የሙስሊሞች ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን በተደረገው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው መንደር እንዲኖሩ ታዘዘ፤ ቤተ እስራኤሎችም እንዲሁ። ሰፈራችን ቀድሞ «እስላም ቤት» ይባል ነበር። ትእዛዙ የወጣው ለማራራቅ ነበር፤ ነጋዴውና መንገደኛው ግን መምጣቱን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እንኳ መጀመሪያ ያረፈው በሙስሊሞች መንደር ነው። እንግዳ መቀበል የለመደ ሰፈር ነው ማለት ነው።

ዛሬም ጧት ፉል ከትኩስ ዳቦ ጋር፣ ሻይ በቅርንፉድ፣ ቀን ጥብስና ሩዝ የሚሠሩ ቤቶች አሉት። በረመዳን አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ የሳምቡሳው ሽታ መንገዱን ይሞላዋል፤ የክርስቲያን ልጆችም ሳንቲማቸውን ይዘው ይሰለፋሉ። ምግቡ ግሩም ነው። እናቴን ወደ አንዱ ቤት ይዤ ስገባ ግን ያልጠበቅሁት ገጠመኝ። ወንበሩን ሁሉ ወንዶች ሞልተውታል፤ ጥግ ላይ ጫት ተበትኗል፤ የሲጋራው ጢስ ዐይን ያቃጥላል። ሴቶቹን ሲያይ ቤቱ ሁሉ ዝም አለ። አስተናጋጁ ግራ ቢገባው ከኋላ ከከሰል ማዳበሪያው አጠገብ አግዳሚ ወንበር ጎትቶ መጋረጃ ቢጤ ጋረደልን። የእጅ መታጠቢያው ውኃ አልነበረውም። እናቴ ዙሪያውን አየችና ቀስ ብላ፣ «ልጄ፣ ሥጋው ሐላል ነው፤ ቤቱ ግን የወንድ ነው» አለችኝ። ጥብሱን በፌስታል አስጠቅልለን ቤታችን ገብተን በላነው።

በዚህ ጉዳይ የሙስሊም ምግብ ቤት ባለቤቶችን ሳልወቅስ አላልፍም። ቤቶቻችን የተሠሩት ለሾፌርና ለብቸኛ ነጋዴ ነው። ሐላል የሚለው ቃል በቢላዋው ላይ ብቻ የቆመ ይመስል ንጽሕናውን፣ የሴቶችንና የሕፃናትን መቀመጫ፣ ሰላት የሚሰገድባትን አንዲት ክንድ ቦታ ረስተናል። ንጹሕ ውኃና ከጢስ የራቀ አንድ ክፍል ብዙ ካፒታል አይጠይቅም። ጫቱን ከምግብ ቤት ማስወጣት ደግሞ ምንም ብር አይጠይቅም።

ቀጥሎ ወደ ፒያሳ ወጣን። ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1936 በኋላ የሠራው የከተማው መሐል ሲሆን፣ ኬክ ቤቶቹ ከቤተሰብ ጋር ለመቀመጥ ይመቻሉ። እናቴ ኬኩን በሹካ ጫፍ ነካ ነካ አድርጋ ለልጆቹ ሰጠች፤ ማኪያቶውን «ወተቱ ደግ ነው» አለች። ሌላ ቀን ጎሃ ሆቴል ካለበት ኮረብታ ላይ ወሰድኋት። ከዚያ ሆኖ ከተማው በሙሉ ይታያል፤ የፋሲል ግቢ ግንብ፣ የቤቶቹ ቆርቆሮ፣ ከታች ደግሞ የእኛ ሰፈር። እናቴ የኖረችበትን ሰፈር ከላይ ወደ ታች አይታው አታውቅም ነበር፤ ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቤታችንን በጣቷ ስትፈልግ ቆየች። ስንመለስ «ይኸውና ሆቴል ገባሽ!» ብላት፣ «ሻይ ምግብ አይደለም» ብላ አሳፈረችኝ።

ጎርጎራ ላይ ዓሣም ሞክረናል። ዓሣ መታረድ ስለማያሻው ጥያቄው ሁሉ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። እናቴ ግን «መጥበሻውስ?» አለች። መጥበሻው ትናንት ምን እንደጠበሰ ማን ያውቃል? እሷ ዳቦዋን በላች፤ እኛ ቆሮሶውን።

ምኞቴ የተፈጸመው ባላሰብሁት ቦታ ነው። በ2011 ዓ.ም በክረምት ዕረፍት፣ ደባርቅ የሚነግደውን አጎቴን ለመጠየቅ በኮንትራት መኪና ተነሣን። ደባርቅ ከጎንደር በስተ ሰሜን ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ፓርክ መግቢያ ነው። መንገዱ ወለቃን አልፎ ወደ ደጋው ይወጣል። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ብርዱ ልጆቹን ጋቢ አስለበሳቸው። ግራና ቀኙ የገብስ ማሳ ነው፤ ደመናው ከመኪናው በታች ይሄዳል። ዳባት ስንገባ ልጆቹ ርቧቸው ማልቀስ ጀመሩ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ለእኛ ቤተሰብ መጥፎ ቀን!

ከመንገዱ ዳር አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገባን። ግድግዳው ላይ የማርያም ሥዕል አለ፤ ምድጃው አንድ ነው፤ ከላዩ ለሁለት ሰዎች የታዘዘ ጥብስ ይንቻቻል። ልጄ እንደ ልማዷ፣ «የጾም አለ?» አለች።

ባለቤቲቱ ሳቀች። «ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው፣ የኔ እናት» አለቻትና ቀና ስትል እናቴን ከነሻሿ አየቻት። «እስላም ናችሁ እንዴ? ቆዩ፣ ቆዩ» አለች። ወንበር ላይ ወጥታ ከመደርደሪያው ጫፍ በላስቲክ የተጠቀለለ የሸክላ ድስት አወረደች። ፊታችን በአመድና በውኃ አጠበችው። «አይዞዎት እማማ፣ ይቺ ድስት ሥጋ ነክቷት አታውቅም። የአባቴ ወዳጅ የነበረ የእስላም ነጋዴ እኛ ቤት ያድር ነበር፤ እናቴ ለእሱ ለይታ ያስቀመጠቻት ናት። እኔም እንደሷው አኖርኋት» አለች። ከዚያም ጥብሱን ከምድጃው ልታወርደው ስትል ወደ ሁለቱ ሰዎች ዞረች። አንደኛው ጋቢውን እያስተካከለ፣ «አውርጂው፤ እኛ እንጠብቃለን፤ መጀመሪያ ለእናቲቱ» አላት።

እናቴ ምንም አልተናገረችም። ሽሮው እየተንተከተከ መጣ፤ «ቢስሚላህ» ብላ ቆረሰች፤ ጎረሰች። ባለቤቲቱ አጠገቧ ቆማ ፊቷን ታያለች። ሁለተኛውን ጉርሻ እናቴ ጠቅልላ ለባለቤቲቱ ዘረጋችላት፤ እሷም ጎንበስ ብላ ተቀበለች። ለአምስት ሰው 120 ብር ከፈልን። መኪና ውስጥ ገብተን ብዙ ከሄድን በኋላ እናቴ «ነጭ ሽንኩርት ያንሰዋል» አለች። ከእናቴ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ደባርቅ ዙሁርን ከዐስር አጣምረን ሰገድን። አጎቴ ቤት የተደረገልንን መስተንግዶ አልዘረዝርም፤ የዘመድ ቤት ነውና። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ ጎረቤቱ ክርስቲያን ልጁን ሲድር ለሙስሊም እንግዶቹ ሙክቱን ከነነፍሱ አምጥቶ «እረዱት፣ እናንተው ሥሩት» ብሎ ለአጎቴ አስረክቧል። በደጋው ይህ የቆየ ልማድ ነው።

ስንመለስ እናቴ ወለቃ ላይ መኪናውን አስቆመች። ወለቃ ቤተ እስራኤሎች የኖሩባት፣ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች መንደር ናት። ብዙ ድስት በጣቷ አንኳኩታ አንዲቱን መረጠች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅናትም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቃላችሁ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም፣ ረመዳን ሊወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በጎንደር በአንድ ታላቅ ዓሊም ቀብር ላይ በተፈጸመው ጥቃት ብዙ ወንድሞቻችን ሞቱ፤ አላህ ይዘንላቸው። በ2015 ዓ.ም ደግሞ በክልሉ ጦርነት ተነሣ፤ የዳባት መንገድ እንደ ድሮው በልጅ ልቅሶ ብቻ የሚታለፍ መሆኑ ቀረ። እናቴ አሁንም ዜና በሰማች ቁጥር፣ «ያቺ የዳባቷ ሴትዮ ደኅና ትሆን?» ትላለች።

ከዚያ ሚያዝያ በኋላ በመምህራን ማረፊያችን አንድ ነገር ተቀይሮ ነበር። ቀድሞ ዓርብ ዓርብ አንድ ትሪ በየዓይነቱ አዘን አብረን የምንበላ ሰዎች ለሳምንታት እየራሳችን ጥግ ይዘን ዳቦና ሻይ ስንቀምስ ከረምን። ማንም ማንንም አልሰደበም፤ ዝም ብሎ ትሪው ቀረ። አንድ ሐሙስ ቀን የሒሳቡ መምህር በየዓይነቱ አዝዞ ተቀመጠ። ሐሙስ የጾም ቀን አይደለም፤ ሰውዬውም ጥብስ ወዳድ ነው። ትሪውን ወደ መሐል ገፋ አድርጎ፣ «መምህር፣ ና እንጂ! ለእኔም ሽሮ ነው» አለኝ። አብረን በላን። ስለ ተማሪዎች ውጤት አወራን እንጂ ሌላ ነገር አላነሣንም።

በሚቀጥለው እሑድ ቤቴ ጠራሁት። እናቴ ከቁም ሣጥኑ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለችውን የወለቃ ድስት አወረደች፤ እስከዚያን ቀን እሳት ላይ ያልተጣደች ነበረች። አሥር ዓመት የሞላት ልጄ በሩን ከፍታ እንግዳውን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና፣ «ግባ፣ የጾም አለ» አለችው።