ሳል ወንጀል የሆነ ሰሞን

ዛሬ ስለ ፍቅርም ስለ ውበትም አላወራችሁም፤ ስለ ትንፋሽ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ታክሲ ጠፍቶ ከገርጂ እስከ ቦሌ ድልድይ በእግሬ ስኳትን ያ የኮሮና ሰሞን ትዝ ሲለኝ ዋለ። አስም ላለብን ሰዎች እኮ ነገሩ ሌላ ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 30 ለ5 ወር የሚቆይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እንደ ጣሊያን በር አልተቆለፈብንም። የዕለት ጉርሱን በዕለት የሚለቅም ከተማ እንዴት ይቆለፋል? ብቻ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ ጭምብል ግዴታ ሆነ፣ ታክሲውም በግማሽ ሰው በእጥፍ ዋጋ ይጭን ጀመር።

አንድ ማለዳ ከመገናኛ ወደ ገርጂ ተሳፍሬ ያቺ ደረቅ ሳሌ መጣች። ዋጥኳት፤ እምቢ አለች። ሁለተኛው ላይ መስኮቶቹ ሁሉ ተከፈቱ። አንዲት እናት በጭምብላቸው ላይ ነጠላቸውን ደረቡ። «አስም ነው» ብዬ ፓፌን ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየሁ። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት «ልጄ፣ ያም ሳንባ ይሄም ሳንባ» አሉኝ። ረዳቱ ክፉ አልነበረም፤ «እህቴ፣ ሂሳብሽን ልመልስልሽና ውረጂ» አለኝ። ኢምፔሪያል ጋ ወረድኩ። ሂሳቤን ግን አልተቀበልኩም፤ ኩራት ይሁን እልህ እንጃ።

ሁለት ጊዜ ስቤ ሳሉ ሲበርድልኝ ጉዞዬን ቀጠልኩ። ታዲያ ምን ገረመኝ መሰላችሁ? መተንፈስ ቀሎኛል። ያ ጥቁር ጭስ እየተፋ አቀበቱን የሚወጣ መኪና ጥቂት ነው፤ የቦሌም ሰማይ አውሮፕላን ቀንሶበታል። በብዙ አገሮች በእገዳው ወራት በአስም ሆስፒታል የሚገባው ሰው ቁጥር ቀንሶ ነበር፤ ጉንፋኑም አብሮ ስለተገታ ነው ይላሉ ሐኪሞች።

የኔ ጣጣ የጀመረው ቤት ስገባ ነው። ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ደረጃው ጠዋት ማታ በበረኪና ይታጠባል። ሁሉም ቤት ውሏልና ኮሪደሩ ላይ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ከአንዱ በር ፌጦ፣ ከሌላው ነጭ ሽንኩርት። ማንን ምን ትላላችሁ? እኔም ብሆን ባሕር ዛፍ አፍልቼ ተከናንቤ ታጥኛለሁ፤ ጎረቤቶቼ «ሳንባ ያጥባል» ብለውኝ። እናንተዬ፣ ሳንባ አያጥብም! የዚያን ለት ሌሊት ደረቴ ጥርቅም አለ።

ክሊኒኩ በር ላይ ሙቀት ተለካሁ። ውስጥ ገብቼ መድኃኒቱን በጉም መልክ የሚሰጠውን ማሽን ብጠይቅ «አይሆንም፣ ጉሙ ቫይረሱን ይበትናል» ተባልኩ። ተቆጣሁ። ለካ በብዙ አገር ያኔ እንደዚያ ነበር የሚመከረው። አንዲት ሲስተር ግን ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አምጥታ፣ ከታች በኩል በፓፉ አፍ ልክ በስታ ሰካችበት፣ ክፍተቱንም በፕላስተር ዘጋችው። «ከንፈርሽን በጠርሙሱ አፍ ላይ ግጠሚ፤ አንዴ ልጫን፣ አንቺ አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» አለችኝ። ተደጋገመልኝ፤ ደረቴ ተከፈተ። ኋላ ሳነብ በደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን፣ አስም በተነሳባቸው ሕፃናት ላይ ተሞክሮ፣ የታሸገው የውሃ ጠርሙስ ከሚሸጠው ዕቃ ያላነሰ ሆኖ መገኘቱን አየሁ። ጥናቱ የታተመው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የኛ ሰው ሃይላንዱን ለነጭ ጋዝና ለዘይት ብቻ ነው የሚያውቀው።

ከኔ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ወጣት ግን በሌላ መንገድ ነው የተጎዳው። ሰማያዊው ፓፍ ሲያፍን የሚያስታግስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ቡናማ ሆኖ የሚመጣው ደግሞ በየቀኑ ተስቦ የሳንባውን ቧንቧ ቁጣ የሚያበርድ። ልጁ «ቡናማው ስቴሮይድ ነው፣ መከላከያ አቅም ያዳክማል» የሚል ወሬ ሰምቶ ተወው። የአስም ሐኪሞች ያኔ አጥብቀው የሚሉት «እንዳታቋርጡ» ነበር፤ ማን ይንገረው? ክትትል የነበረበት ክሊኒክ እንደሆነ ከፈራ ሰንብቷል። በክረምቱ አንድ ሌሊት በወንበር ተሸክመው አወረዱት። ጎረቤቱ በሙሉ ኮሮና ነው ብሎ በሩን ዘጋ፤ የተሸከሙት ወንድሙና ዘበኛው ብቻ ናቸው። ምርመራው ነፃ ነህ አለው። አስሙ ብቻ ነበር። ዳነ፤ ያን ደረጃ ግን ዛሬም አንገቱን ደፍቶ ነው የሚወጣው። በሬን ከዘጉት አንዷ እኔ ነበርኩ።

ኋላ እንደታየው፣ ቀላልና በደንብ የተያዘ አስም ያለበት ሰው ኮሮና ከሌላው አብልጦ ይጎዳዋል የተባለው ያን ያህል አልሆነም። ክፉው ያልተያዘው ነው።

ቅዳሜ ለት ሚሊኒየም አዳራሽ ደጃፍ ቆም አልኩ። በ2012 ክረምት መግቢያ ላይ የኮሮና ታማሚዎች አልጋ የተደረደረበት ቦታ ነው፤ ዛሬ ተመልሶ የባዛርና የኮንሰርት ሆኗል። ሃይላንዴ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ማታ ለዚያ ልጅም አንድ በስቼ ወሰድኩለት። በሩን ራሱ ከፈተልኝ።