ጥፋተኛው ብርድ ነው

ደብረ ብርሃን ላይ የሁሉም ነገር መነሻ ብርድ ነው። ሊጡ አልቦካም? ብርድ ነው። ልጁ ቁመት አልጨመረም? ብርድ ነው። ሙሽራው አረፈደ? እሱንም ብርድ ይዞት ነው። 2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ተቀምጦ በጥቅምት ውርጭ ሰብሉን ሲመታበት ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም።

ብርድ በእርግጥ ጥፋተኛ የሚሆንበትን ጉዳይ ያገኘሁት ግን ከኤሊ ዘንድ ነው። ቅርፊቷ እንደ ነብር ቆዳ የተዥጎረጎረው የየብስ ኤሊ ደጋ አትወድም፤ ኑሮዋ የአንኮበርን ቁልቁለት ጨርሰው በሚያገኙት የስምጥ ሸለቆ ቆላ ነው። የመንዝ በግ የበላውን አንድዶ፣ ፀጉሩን ደርቦ ውርጩን ያልፋል። ኤሊ ሙቀቷን የምትበደረው ከፀሐይና ከመሬት ነው። አዲስ የተፈለፈለ ግልገል ሲበርደው አይበላም፤ ቢበላም ሆዱ አይፈጭለትም፤ ዕድገቱ ቀጥ ይላል። ሲሞቀው ካቆመበት ይቀጥላል። ቅርፊቱ ላይ የሚታዩት ቀለበት መሰል መስመሮችም የዚህ መቆምና መቀጠል ምልክት ናቸው። ብዙ ሰው ዕድሜ ይቆጥርባቸዋል፤ በዓመት ከአንድ በላይ ሊወጡ ስለሚችሉ ግን ሒሳቡ አይታመንም።

ዋናው ጉድ ያለው እንቁላሉ ውስጥ ነው። እናትየው ጉድጓድ ምሳ እንቁላሏን ትቀብርና ትሄዳለች፤ መታቀፍ ብሎ ነገር የለም። ከዚያ ወዲያ በብዙዎቹ የኤሊ ዝርያዎች ፆታ የሚወስነው አፈሩ ነው። ለመፈልፈል ከሚፈጀው ጊዜ በመካከለኛው ሲሶ ቀዝቀዝ ካለ ወንድ፣ ሞቅ ካለ ሴት ይሆናል። ለባሕር ኤሊዎች ድንበሩ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ሙቀት በተሳቢ እንስሳት ፆታ ላይ እጁ እንዳለበት ቀድማ የጻፈችው ማደሌን ሻርኒዬ ናት፤ በ1966 እ.ኤ.አ.፣ ዳካር ላይ፣ እንሽላሊት አጥንታ። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ከግሬት ባሪየር ሪፍ ሰሜናዊ ዳርቻ ከተፈለፈሉት ታዳጊ አረንጓዴ ኤሊዎች 99 በመቶው ሴት ሆነው መገኘታቸው ተዘገበ። አሸዋው ከልክ በላይ ሞቆ ነው።

ይህን ሴቶች ልጆች ብቻ ላሏቸው፣ «ወንድ ነፈገችኝ» እያሉ ሚስታቸውን ለሚያሙ ጎረቤታችን አወራሁላቸው።

«ብዬ ነበር!» አሉ ጋቢያቸውን እያጣፉ፤ «ምድጃ ሥር ተለጥፋ እየዋለች!»

«የሰው እንኳ ሌላ ነው ጋሼ፤ ወንድ ወይ ሴት የሚያደርገው የአባት ዘር ነው።»

ጋሼ ዝም አሉ። ቡናውን የሚቀዱት እትዬ ግን ቀና ሳይሉ «ኤሊዋ ታድላ!» አሉ፤ «ቀብራ ሄደች፤ ጠያቂ የለባት።»