የበጉ ልብ እና የልጅዎ ጉሮሮ



ከፋሲካ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አንዲት እናት የ11 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ወደ ምርመራ ክፍሌ መጡ። ልጁ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሌሊት የሚተኛው ትራስ ደራርቦ ነው። ልቡን በአልትራሳውንድ ስናየው በግራ በኩል ያለው የልብ በር ወፍሮና ተጨማዶ አገኘነው። ሩማቲክ የልብ ህመም ነው። ቀደም ሲል ጉሮሮውን ያመው እንደነበር ስጠይቃቸው «አዎ፣ ቶንሲል ይመላለስበት ነበር። በጨው ውሃ ሲጉመጠመጥ ይተወዋል» አሉኝ። ቀጥለውም «ዶክተር፣ ጉሮሮውን ያመመው ልጅ እንዴት ልቡ ይታመማል?» ብለው ጠየቁኝ።

ወረፋው በዝቶ ስለነበር በአንድ ዓረፍተ ነገር መለስኩላቸውና መድኃኒት ጻፍኩ። ሲወጡ ግን እንዳልገባቸው ከፊታቸው አየሁ። ጥያቄያቸው አብሮኝ ቤት ገባ። ዛሬ ለእርሳቸውም ለእናንተም በደንብ ልመልስ።

የፋሲካ ዕለት ቤታችን በግ ሲታረድ «ልቡን ለብቻ አስቀምጡልኝ» አልኩ። ባለቤቴ «ዛሬ እንኳ ሥራህን ተወው» ብላ ሳቀችብኝ። ልጆቼን ጠርቼ ልቡን በቢላ ከፈትኩላቸው። የበግ ልብ ከሰው ልብ ጋር በጣም ይመሳሰላል፤ አራት ክፍልና አራት በር አለው። በግራ በኩል ስትከፍቱት ሁለት ስስ ክዳኖች ታገኛላችሁ። እንደ ነጭ ክር የቀጠኑ ጅማቶች ከሥር ይዘዋቸዋል። ሚትራል ቫልቭ የምንለው ይህ ነው። ክዳኑን ዘርግቼ ወደ መስኮቱ ሳነሳው ብርሃን አሳለፈ። ትንሿ ልጄ «የሽንኩርት ልጣጭ ይመስላል» አለች።

ይህ የሽንኩርት ልጣጭ የሚመስል ነገር በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሦስት ንብርብር አለው። አንዱ እንደ ገመድ ጠንካራ በሆኑ የኮላጅን ክሮች የተሠራ ነው፤ መካከለኛው እንደ ስፖንጅ ለስላሳ ነው፤ ሦስተኛው እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። በዚህ አሠራሩ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል፣ ያድራል።

ታዲያ ጉሮሮ እዚህ ምን አገባው? ጀርመናዊው ሐኪም ሉድቪግ አሾፍ እ.ኤ.አ. በ1904 በዚህ ህመም የተጎዳ የልብ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ጥቃቅን እብጠቶች ማግኘቱን ጻፈ። እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራሉ። የጉሮሮው ጀርም ራሱ ግን በእነዚህ እብጠቶች ውስጥ አይገኝም። ልቡን የሚያቆስለው የራሳችን የመከላከያ ኃይል ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ አካሉ በከፊል ከልባችን ሥጋ ጋር ይመሳሰላል። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመውጋት ያዘጋጀው ሠራዊት ልቡንም ጠላት መስሎት ይወጋዋል። ጉሮሮው በቶሎ ይድናል። በሩ ግን ቆስሎ ጠባሳ ይይዛል፤ ጅማቶቹ ያጥራሉ፣ ጠርዞቹ ይጣበቃሉ። በመጨረሻ እንደ ልቡ አይከፈትም፣ ወይም ገጥሞ አይዘጋም። ሁሉም ልጅ ላይ አይደርስም፤ በየትኛው ልጅ ላይ እንደሚደርስ ግን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም።

«በሩ ከተበላሸ አይቀየርም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይቀየራል። እ.ኤ.አ. በ1965 ፓሪስ ውስጥ ሐኪሞች የአሳማ የልብ ቫልቭ ለሰው ገጠሙ። በኋላም ቆዳ እንደሚለፋ ቫልቩን በኬሚካል ማልፋት ተጀመረ። የአሳማ ሲባል የሚደነግጡ ቤተሰቦች አሉ፤ የከብት ልብ ከሚሸፈንበት ስስ ከረጢት የሚሠራም አለ። ነገር ግን አንድ ችግር አለ። አዳዲስ ቫልቮች ለሰው ከመሰጠታቸው በፊት ብዙ ጊዜ የሚሞከሩት በጠቦት በጎች ላይ ነው። ለምን ጠቦት? በማደግ ላይ ያለ ሰውነት ከእንስሳ በተሠራ ቫልቭ ላይ ካልሲየም ቶሎ ስለሚያከማች ጉድለቱ ቶሎ ይታያል። በልጆቻችንም እንዲሁ ነው። ለአረጋዊ ሰው ከ10 ዓመት በላይ ሊያገለግል የሚችል ቫልቭ በልጅ ልብ ውስጥ ቶሎ ይደርቃል። ልጁ ያድጋል፤ ቫልቩ ግን አብሮት አያድግም። ከብረትና ከካርቦን የሚሠራው ዕድሜው ረጅም ነው፤ ነገር ግን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ዕድሜ ልክ መውሰድና በየጊዜው ደም መመርመር ይጠይቃል። ለሴት ልጅ ደግሞ ነገ ስታረግዝ ከባድ ፈተና ነው። ስለዚህ በተፈጥሮ የተሰጠንን በር ያህል የሚሆን ምትክ እስካሁን የለንም።

የሚጠበቀው ግን በቀላሉ ነው። አብዛኛው የጉሮሮ ህመም በቫይረስ የሚመጣ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። ነገር ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ሳል ወይም ንፍጥ ሳይኖረው ድንገት ጉሮሮውን ካመመው፣ ካተኮሰው፣ ምራቅ ሲውጥ ካቃጠለውና አንገቱ ላይ ያሉት እጢዎች አብጠው ካመሙት ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ህመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠው ልቡን መጠበቅ ይቻላል። በመርፌ ከሆነ አንድ ጊዜ መወጋት ይበቃል። በክኒን ከሆነ ቢሻለውም የታዘዘለትን ይጨርስ። እንጥል ማስቆረጥም ሆነ ቶንሲል ማስቧጠጥ ልብን አያድንም፤ መድማትና ሌላ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል።

ከጉሮሮ ህመም ሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳትና ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት የሚዞር የመገጣጠሚያ ህመም ከመጣም «ብርድ ነው» ብላችሁ አትለፉት። የልብ ህመሙ ተገኝቶበት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መርፌ የታዘዘለት ልጅ ካላችሁ ደግሞ ደህና ስለመሰለ አታቋርጡ። መርፌው የተጎዳውን በር እንደ አዲስ አያደርገውም፤ ህመሙ እንዳይመለስና በሩ ይበልጥ እንዳይበላሽ ይጠብቃል።

እኒያ እናት ልጃቸውን ለመርፌው መልሰው ሲያመጡት በስልኬ ያነሳሁትን የበጉን ልብ ፎቶ አሳየኋቸው። ስሱን ክዳን ረጅም ጊዜ አዩት። «ይህን ያህል ስስ ነው እንዴ?» አሉ። ቀጥለውም «ታናሽ እህቱም ጉሮሮዋን ያማታል፤ ነገ ይዣት እመጣለሁ» አሉኝ። በማግስቱ ይዘዋት መጡ።

እናንተም በሚቀጥለው በዓል፣ በፋሲካም ይሁን በአረፋ፣ የበጉን ልብ ከፍታችሁ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው። ጽሑፉንም ለሌሎች ወላጆች አካፍሉልኝ። መልካም ጤና!