ቀለምና ብሎን

ሰው ያወቀውን ነገር ሁሉ እጁም ያውቀዋል ማለት አይደለም። በትምህርት የተራቀቀ አእምሮ በወረቀት ላይ ድልድይ ሲዘረጋና የከዋክብትን ርቀት ሲለካ ይውላል፤ ማታ ቤቱ ሲገባ ግን የተሰበረች የበር ማጠፊያ የሚያስተካክልለት ሌላ ሰው ያስጠራል። ለመሆኑ ይህ የእጅና የአእምሮ መለያየት ከየት መጣ? የሚያስከፍለውስ ዋጋ ምን ያህል ነው? ጥያቄው ከባድ ቢሆንም፣ መልሱ አንዳንድ ጊዜ ባልተጠበቀ መንገድ፣ በካርቶን ተጠቅልሎ ይመጣል።

ካርቶኑ ደብረ ታቦር የደረሰው በ2009 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ከባሕር ዳር በመጣ የጭነት መኪና ላይ፣ በስሚንቶ ከረጢቶች መካከል ተጋድሞ ነበር። ባለቤቱ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምር፣ ዕድሜው አምሳን የተሻገረ መምህር ነው። ሰባቱን ኪሎ ሜትር ሃያ ሁለት ዓመት በእግሩ ተመላልሶበታል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ጉልበቱ ቁልቁለቱን መፍራት ጀመረ። ስለዚህ ሁለት ዓመት የጣለው ዕቁብ ሲደርሰው፣ ስሙ ብዙም ያልታወቀ፣ በቻይና የተሠራ ርካሽ ባለ ሞተር ገዛ። የከተማው ሽማግሌዎች እንዲህ ያለውን፣ እግር ገጥመው እንደ ወንበር የሚቀመጡበትን ሞተር፣ የትም ይሠራ የት፣ «ቬስፓ» ነው የሚሉት።

ስሙ ራሱ ታሪክ አለው። በጣልያን አገር ፖንቴዴራ በተባለች ከተማ የነበረው የፒያጆ ፋብሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የጦር አውሮፕላን ይሠራ ስለ ነበር በቦምብ ፈረሰ። ጦርነቱ ሲያበቃ መኪና የመግዛት አቅም ለሌለው ሕዝብ የሚሆን መጓጓዣ አስፈለገ። ሥራው የተሰጠው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ለተባለው የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር። ይህ ሰው ሞተር ብስክሌት አይወድም ነበርና የማይወደውን ሁሉ እየነቀሰ አስወገደው፤ ቅባት የሚረጨውን ሰንሰለት አስቀረ፣ ሞተሩን ከኋላው ጎማ አጠገብ ሸሸገው፣ የፊቱን ጎማ እንደ አውሮፕላን እግር በአንድ ወገን ብቻ አንጠለጠለው። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው ይህ ተሽከርካሪ ቬስፓ ተባለ፤ ትርጉሙም ተርብ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ አያሌ ርካሽ ዘመዶች ወልዷል። በካርቶን ተጠቅልሎ ደብረ ታቦር የገባውም ከእነዚሁ አንዱ ነበር።

ርካሽ ዕቃ ዋጋው የሚቀንሰው በከፊል የሠራተኛ እጅ ስለሚቀርበት ነው። ያ የቀረው እጅ ግን በነፃ አልተማረም፤ ከገዢው ይጠበቃል። መምህሩ ካርቶኑን ሲቀድድ ያገኘው የፊት ጎማ የሌለው፣ መሪው በሽቦ የታሰረ አካል ነበር። ጎማው፣ ፓራፋንጎው፣ መስተዋቶቹ ለየብቻ ተጠቅልለዋል። ባትሪው ደረቅ ነው፤ አሲዱ በፕላስቲክ ዕቃ ለብቻው ተቀምጧል። አንድ ከረጢት ብሎንና ሮንዴላ፣ እንዲሁም እንግሊዝኛው የተሰባበረ አንድ ትንሽ መጽሐፍ አብረው ነበሩ።

«ባለሙያ ቢጠራ ምን ይልሃል?» አለችው ባለቤቱ፣ የብሎኑን ብዛት አይታ።

«እኔ ምን ሳስተምር የኖርኩ ይመስልሻል?» አላት።

በእርግጥም ባትሪው አላሸነፈውም። አሲዱን በስድስቱም ጕረሮዎች እስከ ምልክቱ ድረስ ሞላ፤ እስኪረጋጋም ጠበቀ፤ ከጎረቤት ባስመጣው መሙያም ኃይል ሞላው። ይህን መጽሐፍ አስተምሮታል። ብሎኖቹ ዘንድ ሲደርስ ግን መጽሐፉ ዝም አለ። የመፍቻ እጀታ ሲረዝም ለምን ጉልበት እንደሚጨምር በሰሌዳ ላይ ሺህ ጊዜ ጽፏል፤ ብሎን ጥርሱ ሳይበላ የሚቆምበትን ልክ ግን የሚያውቀው አንጓ እንጂ ቀመር አይደለም። ሁለት ብሎን አበላሸ፤ አውራ ጣቱን ላጠ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን ሞተሩ በሁለት ጎማ ቆመ። ሲያዩት ምንም አልጎደለውም። የሰፈሩ ልጆች አጨበጨቡ። ቤንዚን ተጨምሮ ሲነሳ ጥቁር ጭስ ተፋ፤ እንደ አስም በሽተኛ ሳል አለና ጠፋ።

በማግስቱ መምህሩ ሞተሩን እየገፋ በአውራ ጎዳናው ዳር ወደሚገኝ ባለ ቆርቆሮ ጋራዥ ወሰደው። ከመኪና ሥር ተንፏቆ የወጣው ወጣት መምህሩን ሲያይ ቆም አለ፤ ከዚያም እጁ በዘይት የጠቆረ ስለ ነበር፣ እንደ ልማዱ መዳፉን ሸሽጎ ክንዱን ለሰላምታ ዘረጋ። መምህሩም አወቀው።

ከስምንት ዓመት በፊት ይህ ወጣት የአሥረኛ ክፍል ተማሪው ነበር። አባቱ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ባለእጅ ናቸው። አንድ ቀን ልጁ ሰሌዳ ፊት ቆሞ የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ ማብራራት ሲያቅተው፣ መምህሩ በስድሳ ተማሪ ፊት «አንተማ ሂድና ብረትህን ቀጥቅጥ» አለው። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ ያን ዓመት ሳይጨርስ ትምህርቱን ተወ።

ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር የመምህሩ ፈጠራ አልነበረችም። ከመምህሩ በፊት ብዙ ትውልድ ተናግሯታል። በባላባታዊው ሥርዓት ገበሬው ያለ ማረሻ፣ ወታደሩ ያለ ጦር፣ ካህኑ ያለ መስቀል አይኖርም ነበር፤ ሦስቱንም የሚሠራው ቀጥቃጭ ግን «ቡዳ» እየተባለ ከማዕድና ከጋብቻ ይገለል ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጅ ግን አፍን እንጂ ልብን ቶሎ አያርምም። ከአዋጁ አንድ መቶ ዓመት በኋላ፣ ዘመናዊ ትምህርት በተማረ ሰው አንደበት፣ ያውም የእንቅስቃሴ ሕግ በሚተነተንበት ክፍል ውስጥ፣ ያው ንቀት ተመልሶ ተሰማ።

ወጣቱ ስለዚህ ሁሉ ምንም አላነሣም። ሞተሩን ዙሪያውን ዞሮ ካየ በኋላ ከፊት ጎማው ዘንድ ተንበረከከ።

«ባትሪውን በደንብ ነው የሞሉት» አለ። ከዚያም ጣቱን በጎማው እምብርት ላይ አሳረፈ። «ጋሼ፣ ፍሬን ሲይዙ ሸራው ጎማውን ይይዛል። ሸራውንስ ማን ይይዘዋል?»

መምህሩ ጎንበስ ብሎ አየ። የፍሬኑን ሸራዎች የተሸከመው ክብ ሳህን በጠርዙ ላይ ስንጥቅ አለው፤ ጎማውን ከሚይዘው እግር ላይ ደግሞ የጣት ጫፍ የምታህል ብረት ወጣ ብላለች። ያች ብረት በስንጥቁ ውስጥ ገብታ ሳህኑን ማቆም ይገባት ነበር። መምህሩ ሲገጥመው ግን ብረቷ ከስንጥቁ ውጪ ቀርታለች። ፍሬን በተያዘ ጊዜ ሸራው ጎማውን ወደ ኋላ ሲጎትት ጎማውም ሸራውን ወደ ፊት ይጎትተዋል፤ ሳህኑ የሚያቆመው ካጣ ከጎማው ጋር ይዞራል፤ ገመዱ ይበጠሳል ወይም ጎማው በድንገት ተይዞ ነጂውን ይወረውራል። ለማንኛውም ድርጊት እኩልና ተቃራኒ የሆነ አጸፋ አለ። ሕጉን ያላስረዳው ልጅ በጣቱ አስረዳው፤ ሲያስተምረው የኖረው ሰው ደግሞ ሊሞትበት ነበር።

«ያን ቀን የተናገርኩህን አልረሳሁትም» አለ መምህሩ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«እኔም አልረሳሁትም» አለ ወጣቱ ቀና ሳይል።

«ይቅር በለኝ።»

ወጣቱ ጥቂት ዝም አለ። «መጀመሪያ ጎማውን እንፍታው፤ ያንን በኩል ይያዙልኝ።»

ጎማው ተፈትቶ በልኩ ተገጠመ። ወጣቱ በፋብሪካ የታሰሩትንም ብሎኖች አላመናቸውም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ከመሪው እስከ ኋላው ጎማ አንድ በአንድ ሞከራቸው። አራቱ ላልተው ተገኙ። ቀጥሎም ካንዴላውን አውጥቶ አሳየው፤ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቁሯል። ከቆላ የሚመጣ ሞተር ሁሉ እዚህ ሲደርስ እንደሚታፈን፣ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈው ናስ ቀዳዳው በጠበበ ሲለወጥ ግን እንደሚድን ነገረው። ምክንያቱን ሲጠየቅ «እንጃ፤ እጄ ነው የለመደው» አለ።

አሁን ተራው የመምህሩ ሆነ። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ መሆኑን፣ ሞተሩም የቀድሞውን ያህል ቤንዚን እየጠጣ የሚያቃጥልበት አየር እንደሚያንሰው፣ ሳይቃጠል የቀረው ቤንዚን ጥቀርሻ እንደሚሆን አስረዳው። ወጣቱ ናሱን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ ብርሃን አነሣት፤ በቀዳዳዋ አጮልቆ አያትና «ለካ እንዲህ ነው!» አለ። ለዓመታት እጁ ሲመልሰው የነበረውን ጥያቄ ገና ያን ዕለት መስማቱ ነበር።

መንጃ ፈቃዱና ሰሌዳው ተሟልቶ የመጀመሪያው ጉዞ የተደረገው በኅዳር ወር፣ ውርጭ በነበረበት አንድ ማለዳ ነው። መምህሩ የራስ ቁሩን አጥብቆ፣ እጁ በትንሹ እየተንቀጠቀጠ ወጣ። ጎማው ትንሽ በመሆኑ ትልቁ ጎማ የሚንቀውን ጠጠር ሁሉ ይቆጥራል። በጠመዝማዛው ላይ መሪውን ከመጠምዘዝ ይልቅ ገላን ማዘንበል እንደሚበልጥ እየቆየ ገባው። ከከተማው ብዙም የማይርቀውን የጋፋትን ኮረብታ በሩቅ አየ። አፄ ቴዎድሮስ ከአውሮጳ በመጡ የእጅ ባለሙያዎችና በኢትዮጵያውያን ረዳቶቻቸው ሴባስቶፖልን ያሠሩት እዚያ ነው። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ያ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጎተት፣ መንገዱ ከፊት ከፊቱ እየተጠረገ ወራት ፈጅቷል። በየዕለቱ በዚያ አቅጣጫ ሲያልፍ የኖረው መምህር መድፉን ስለ አዘዙት ንጉሥ ብዙ ያውቃል፤ ብረቱን ስላቀለጡትና ስለ ጎተቱት እጆች ግን አስቦ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ትዝ አለው።

ትምህርት ቤቱ ሊደርስ ሲል፣ ቁልቁለቱ ላይ ጭነት የያዙ አህዮች ከመታጠፊያው ብቅ አሉ። ሁለቱንም ፍሬን ያዘ። ሞተሩ እየተንገጫገጨ ሄዶ ከመጀመሪያዋ አህያ ሁለት ክንድ ሲቀረው ቆመ። ባለ አህያው «እግዚአብሔር አተረፈህ!» አለው። መምህሩም «አሜን» አለ፤ ዐይኑ ግን ከፊት ጎማው እምብርት፣ ከዚያች የጣት ጫፍ ከምታህል ብረት ላይ ነበር።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወጣቱ ወደ ክፍል መጥቶ ስለ ፍሬን እንዲያስረዳ መምህሩ ለመነው። «ሥራ አለብኝ ጋሼ» አለው፤ «ልጆቹን ወደዚህ ያምጧቸው።» አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አርባ ተማሪዎች በቆርቆሮው ጋራዥ ደጃፍ ክብ ሠርተው ቆሙ። ወጣቱ ጎማ ፈትቶ «ሸራውንስ ማን ይይዘዋል?» ሲል ጠየቃቸው። መምህሩ ከተማሪዎቹ ኋላ ቆሞ ያዳምጥ ነበር።

አዲሱ ሞተር 500 ኪሎ ሜትር እንደ ሞላው ዘይቱን የለወጡት ሁለቱ አብረው ናቸው። በጣሳ የወረደው ዘይት የብረት ብናኝ ያብለጨልጭበት ነበር፤ አዲስ ብረት ከአዲስ ብረት ጋር እስኪላመድ ድረስ መፋቁ የግድ ነው። ሥራው ሲያበቃ ወጣቱ ለስንብት እንደ ልማዱ ክንዱን ዘረጋ። መምህሩ ግን የራሱን መዳፍ አሳየው፤ እንደ ወጣቱ መዳፍ ጠቁሯል። ያን ጊዜ ወጣቱ ፈገግ አለና መዳፉን ሰጠው።